የዲክሲስ ቁና

የኋላሸት ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩን አውጥቶ የመርሻን ስም ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ስንት አጥኚ ጠቀሰው? አንዳንዴ ሃያ፣ አንዳንዴ አርባ። የራሱን ስም ማየት ከተወ ቆይቷል። በማስተማር በኖረበት ዘመን ያሳተማት አንዲት ጽሑፍ አሥራ አንድ ጊዜ ተጠቅሳለች፤ ከአሥራ አንዱ አራቱን የጠቀሰው ራሱ ነው።

ቀናተኛ ነህ ብትሉት ይጣላችኋል። ለሙያው ተቆርቁሬ ነው ባይ ነው። ሚስቱ አይናለም ግን ሰኞ ማታ በር ስትከፍትለት ፊቱን አይታ «ዛሬም አየኸው?» ትለዋለች፤ እሱም ራቱን ሳይጨርስ ይነሳል።

መርሻ የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚ ነው፤ ያውም የተከበረ። «የማይነቃነቅ ዋጋ» የሚለው መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ስለ እህል ገበያ የሚጽፍ ሁሉ እሱን ሳይጠራ አያልፍም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ድሮ ዲክሲስ በምትባል የገጠር ከተማ ገበያ አንድ ቁና ገብስ በህዳር፣ አዝመራው ገብቶ እህል ሲትረፈረፍ የሚሸጥበት ዋጋና በሐምሌ፣ ጎተራው ሲራቆት የሚሸጥበት ዋጋ አንድ ነበር። ሌላው አገር በክፉ ወር እህል ይወደዳል፤ ዲክሲስ አይወደድም። ለምን ቢባል፣ መርሻ ሰዉ በጎረቤቱ ረሃብ ማትረፍን ስለሚጸየፍ ነው አለ። ይህች አንዲት ሐሳብ ከአገር አገር አዞረችው፤ የፕሮፌሰርነት ወንበር ሰጠችው፤ ደቀ መዛሙርት አፈራችለት።

የኋላሸት ደግሞ ሐሳቢቱ ስህተት መሆኗን ያውቃል።

እናቱ ወይዘሮ ተሻለች ዲክሲስ ገበያ ገብስ ይሸጡ ነበር። በህዳር ቁናው እስኪፈስ ተቆልሎ ይሰፈራል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ምርቃት ይጨመራል። በሐምሌ ያው ቁና ከአፉ ላይ በእጅ ተጠርጎ ይሰጣል፤ ክረምቱ ሲብስም ጎደል ይላል። ዋጋው አይነካም፤ የሚያንሰው እህሉ ነው። ገዢም ያውቃል፣ ሻጭም ያውቃል፣ ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ነውር ነው። ዋጋ ጨመረች ከመባል እጇ አጠረ መባል ይሻላል። እንግዲህ ዲክሲስም እንደ ሌላው አገር በክፉ ወር ታስወድድ ነበር ማለት ነው። ይህን መቼ እንዳወቀው ግን የኋላሸት ለራሱም ደፍሮ አይነግረውም።

እናም ዘንድሮ እሱ የሚያስተምርበት፣ አሰላ ያለው ዩኒቨርሲቲ መርሻን ጠርቶ ሊያከብረው ሲነሳ፣ በመጽሐፉ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ የተጠየቀው የኋላሸት ሆነ። የተማሪነት ጓደኛው ነው ተብሎ። እሺ ያለበት ፍጥነት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሳይቀር አስገረመው። ሳምንቱን ሙሉ በደንብ ተኛ፤ በደንብም በላ። ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰዎች የመርሻን ስም ሲጠሩ የእሱንም ስም ሊጠሩ ነው፤ ያውም እሱን የጣለው ተብሎ።

በቀጠሮው ጠዋት ባጃጅ ይዞ ሲወጣ፣ ከፊቱ የምትሄደው ባጃጅ ጀርባ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጽሑፍ አየ። ሾፌሩን «እለፋት» አለው።

አዳራሹ ሞልቷል። መርሻ ሽበት ጣል አድርጎበት፣ ያንኑ የማያረጅ ፈገግታውን ይዞ መጣና አቅፎ ሳመው። ከዲክሲስ አዛውንቶች ካልተጠሩ አልመጣም ብሎ ነበርና፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ አዴ ራቢያ ተቀምጠዋል፤ ከወይዘሮ ተሻለች አጠገብ ጎን ለጎን ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። «ያንቺ ልጅ፣ የኔ ልጅ» ተባብለው ያሳደጉት የኋላሸትን ነው።

ተራው ደረሰና ተነሳ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቁናው በህዳር እንዴት እንደሚቆለል፣ በሐምሌ እንዴት እንደሚጠረግ በሁለት እጁ እያሳየ አስረዳ። «ስለዚህ» አለ ሲጨርስ፣ «ዋጋው አልተነቃነቀም፤ ቁናው ነው የተነቃነቀው። ፕሮፌሰር መርሻ የቆጠሩት ብሩን ነው፤ እህሉን አልሰፈሩትም።»

የአዳራሹ ሰው ወደ መርሻ ዞረ። የኋላሸት ደስ አለው። ለምን ይዋሻል፣ ከሠርጉ ቀን ይበልጥ ደስ አለው። ጎበዟ ተማሪው ትንቢት አፏን ከፍታ ስታየው አያትና ደስታው እጥፍ ሆነ።

መርሻ መነጽሩን አወለቀ። ደጋግሞ ጠረገው። ከዚያ ማይኩን ተቀብሎ «ልክ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ተንጫጫ። «ልክ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ማንም አልነገረኝም። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ጥናቱን ስጀምር ገብስና ስንዴ እንኳ አልለይም ነበር።» ወደ የኋላሸት ዞረ። «ግን የኋላሸት፣ የዲክሲስን ዋጋ ከአሮጊቶቹ እየጠየቅህ የሰበሰብክልኝ አንተ ነህ። ያኔ ይህን ታውቅ ነበር?»

በ1990 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለቱም ተማሪዎች ሳሉ። የኋላሸት ዲክሲስ ሄዶ ዋጋ ይለቅማል፣ መርሻ አዲስ አበባ ሆኖ ያሰላል። ለውጭ አገር ትምህርት አንድ ቦታ ብቻ ተገኝቶ ሁለቱም አመልክተው ነበር፤ ቦታው ለመርሻ የደረሰ ሳምንት የኋላሸት የቁናውን ነገር ሊጽፍለት ብዕር አንስቶ ተወው። ፈረንጆቹ ፊት ቆሞ ይዋረድ አለ በልቡ። ፈረንጆቹ ግን ቁና ሰፍረው አያውቁም፤ አጨበጨቡለት።

አሁን አውቅ ነበር ቢል ክፋቱ ሊወጣ ነው። «ያኔ እንኳን… አላስተዋልኩትም» አለ።

«ማሎ፣ ኧረ ተዉ!» አሉ አዴ ራቢያ ከመቀመጫቸው፤ የልጃቸው ስም የጎደፈ መስሏቸው። «እሱ እንዴት ሳያውቅ? በሰባት ዓመቱ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቁናውን በእጁ የሚጠርገው ማን ሆነና! የሱን ያህል ቀጥ አድርጎ የሚጠርግ ልጅ ገበያው ላይ አልነበረም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሳቁ የፍቅር ነበር። አዴ ራቢያም ልጃቸውን ያስከበሩ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተደላደሉ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ይቸግራል። ተማሪዎቹ ስህተቱን በአደባባይ ያመነውን ሰው ከበቡት፤ ትንቢት ሳትቀር ደብተሯን ይዛ ተጋፋች። ስለ ቁናው አዲስ መጽሐፍ እንዲጽፍ የሚለምነው በዛ። የኋላሸትን አንድ ሁለት ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አለፈ። የቁናው ነገርም በአንድ ሰዓት ውስጥ የመርሻ ሆነ።

መርሻ ከሰዉ ተላቆ የኋላሸትን ግቢው ውስጥ አገኘው። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ የሁለቱንም ኮት ያርገበግበዋል።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ መጽሐፉን አልጽፈውም ነበር» አለ መርሻ። «ምናልባት ይሄኔ አንድ ባንክ ቤት ተቀጥሬ ነበር።»

የኋላሸት ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ጉድጓድ የማሰለት መስሎት መሠረት ቆፍሮለታል። በየሰኞው የሚቆጥረውን ስም አጥብቆ ያቆመለት እሱው ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

መዋሸት ሰለቸው። «ቀንቼብህ ነው።»

መርሻ ራሱን ነቀነቀ፤ የተቆጣ አይመስልም፤ ይሄ ነው የኋላሸትን ይበልጥ የሚያሳርረው።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ብሶብኛል» አለ የኋላሸት።