የሽመላ ፍጥነት

ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ብስክሌት ቀደመው።

የእሽቅድምድም ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ይሄኛው ግን ኋላው ላይ የሽንኩርት ጆንያ የታሰረበት፣ የጭቃ መከላከያው የሚንኳኳ፣ ነጂውም ነጠላ ጫማ ያደረገ ብስክሌት ነበር። ሰውየው ጎኑ ሲደርስ ሞተር ሳይክሉን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አየና፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ ማደያው ቅርብ ነው፤ ትደርሳለህ" ብሎት ቁልቁል ተንደረደረ።

ጥይት ጥርሱን ነከሰ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። እንደሱ ዕቃ በሞተር ሳይክል የሚያመላልሱት ባልደረቦቹ "ጥይት" ካሉት ወዲህ ግን በዋናው ስሙ የሚጠራው መንግሥት ብቻ ነው። "እሱ ምሳ ሳይቀዘቅዝ አይደለም የሚያደርሰው፤ አዛዡ ሳይራብ ነው" ይባልለት ነበር።

"አንተ!" አለች ሚስቱ ከኋላው። "አሁን የቀደመን ብስክሌት ነው?"

"አዎ።"

"እና ዝም አልከው?"

"መንገዱ እኮ የጋራ ነው።"

ሚስቱ በሄልሜቷ ውስጥ ሆና ያችን መልስ እንደ ሐሰተኛ ብር እያገላበጠች የምታያት መሰለው። በሁለት እጇ የያዘችው እሱን ሳይሆን ከኮርቻው ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት ነው። ገና ከቤት ሲወጡ፣ "አንተን ከያዝኩ አብረን ነው የምንወድቀው፤ ብረቱን ከያዝኩ ለየብቻችን" ብላዋለች።

ሚስቱ በሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ናት። ጀሶ ስታቦካ የምትውልላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሞተረኞች ናቸው። "ያንተ ባልደረቦች የኔ ደንበኞች ናቸው" ትለዋለች። ገና የተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን አብራው ወጥታ ነበር። ስትወርድ፣ "አብሬህ ለመኖር ፈርሜያለሁ፤ አብሬህ መሞት ግን ውሉ ላይ የለም" አለችውና ዳግም አልወጣችም።

ዘንድሮ ክረምት ደግሞ ጥይት ጎርፍ የሞላውን መንገድ "በፍጥነት ካለፍኩት አይነካኝም" ብሎ ገባበት። ነካው። ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ እዚያው ቀረ። ዝናቡ እስኪያባራ ሞተር ሳይክሉ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ሰነበተ፤ ጎረቤታቸው ባለ ሥጋ ቤቱም ማታ ማታ ብቅ እያለ ሸራውን ይገልጥና ኮርቻውን መታ መታ ያደርገዋል፤ በሬ እንደሚያማርጥ ሰው። ልግዛው ብሏል።

በመጨረሻ ሚስቱ ፍርዷን ሰጠች። "ዝናቡ ሲያቆም አንድ ቀን አብሬህ እወጣለሁ። እናቴ ጋ ደርሰን እንመለሳለን። ነፍሴ ቦታዋ ላይ ሆና ከተመለስኩ፣ ይቀመጥ። ካልሆነ በማግስቱ ባለ ሥጋ ቤቱ ይውሰደው፤ አንተም መጋዘን ጠባቂ ሆነህ ትቀጠራለህ።"

መጋዘን! የትም የማይሄድን ነገር የትም እንዳይሄድ መጠበቅ። ጥይት ይህን ሲያስብ ደረቱ ላይ ጆንያ የተጫነበት ይመስለዋል።

ታዲያ ዛሬ እንዲህ ጨዋ የሆነው ፈተናውን ፈርቶ ነው? ሚስቱ እንደዚያ ገምታለች። እውነቱ ሌላ ነው። መካኒኩ፣ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ ጋዋን ስለሚለብስ ሰፈሩ "ዶክተር" የሚለው፣ አዲስ ፒስተን ገጥሞ ሲያስረክበው እንዲህ ብሎት ነበር፦

"ይሄ ሞተር አሁን አራስ ነው። ሮዳጁን እስኪጨርስ፣ የነገርኩህን ኪሎ ሜትር እስኪሞላ፣ ከአርባ እንዳታልፍ። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ብረት ጋር መለማመድ አለበት። ካስቸኮልከው ይነክሳል። ከነከሰ ደግሞ እኔ ጋ አትምጣ፤ ቀባሪ ፈልግለት።"

ጥይት ራሱን ስላመነ ሳይሆን ስላላመነ፣ ቤት ውስጥ ያገኘውን ቀይ ቀለም አምጥቶ የፍጥነት መለኪያው መስታወት ላይ፣ ልክ አርባው ጋ፣ ቀጭን መስመር አሰመረ። ዶክተር በበኩሉ የመታጠፊያ መብራቱን ሲፈትሽ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፍሬቻ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው! አንድ ቀን አላበራኸውም? ውስጡ ሸረሪት ቤተሰብ መሥርታ ልጆቿን ድራለች።"

"ለማን ነው የማበራው? የምታጠፍበትን ሳያውቁ ታጥፌ ሄጃለሁ።"

እንግዲህ ጨዋው ሞተሩ ነው እንጂ ጥይት አይደለም። ሚስቱ ይህን አታውቅም። እሱም የሚነግራት አይመስልም።

ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ጀመሩ። መሃል ላይ ጥይት በየዓመቱ ሊወድቅበት ለጥቂት የሚተርፍበት እርጥብ መታጠፊያ አለ። ክረምት ከበጋ አይደርቅም። እዚያ በደረሰ ቁጥር ማዘጋጃ ቤቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ቧንቧና የቧንቧውን ሠራተኛ በቅደም ተከተል ይረግም ነበር። ዛሬ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ፊቱን ቀዝቃዛ ነገር ዳሰሰው። ቀና አለ። ከቋጥኙ አናት፣ ከፎቅ ቤት ከፍታ በላይ፣ ነጭ ውኃ እየወረደ ነበር። መሃል ላይ ነፋስ እየበተነው፣ ፀሐይ እየገባበት፣ ታች ሲደርስ ጭጋግ ብቻ ሆኖ አስፋልቱን ያረጥባል።

"ይሄ... እዚህ ፏፏቴ አለ?" አለ ሳያስበው።

"ምን ማለትህ ነው? በሳምንት ስንቴ ነው በዚህ የምታልፈው?"

ጥይት ማዘጋጃ ቤቱን የሰደበው ስድብ ሁሉ ታወሰውና አንገቱ ሥር ላብ ተሰማው።

"ምን ነክቶህ ነው ግን ዛሬ?" አለች፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሏል። "እንዲህ ትነዳለህ ብዬ አልጠበቅኩም።"

"ሰው አይለወጥም?"

ይህን ሲል አፉ ዝገት ዝገት አለው።

የሚስቱ እናት በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። "ድምፃችሁን ሳልሰማ ደረሳችሁ እኮ! ሌላ ጊዜ እሱ ገና ከዳገቱ ሳይወጣ ነው ውሻዬ አልጋ ሥር የሚገባው።"

"ባሌ ተለውጧል፣ እማዬ" አለች ሚስቱ። እየቀለደች አልነበረም። ጥይት ፊቱን በሻይ ብርጭቆው ከለለ።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መንገዱ ከመውረዱ በፊት በተራራው ጫፍ ላይ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። ታች ክረምቱን ሙሉ ሲታጠብ የከረመው ሸለቆ አረንጓዴው ገና ሳይደርቅ ተዘርግቷል።

ጥይት መጀመሪያ ያየው ጥላ ነው። አስፋልቱ ላይ፣ ከእነሱ ጥላ አጠገብ፣ ሰፊና ድምፅ የሌለው ሌላ ጥላ አብሯቸው ይሄዳል። ዞር ሲል ሽመላ ነበር።

ከገደሉ በኩል፣ ከትከሻው ትይዩ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው እስኪመስለው ቀርቦ። ደረቱ ነጭ፣ የክንፎቹ ጠርዝ ጥቁር፣ ረጃጅም ቀይ እግሮቹ ወደ ኋላ የተዘረጉ። ክንፉን አያርገበግብም። ከገደሉ ሥር የሚነሳው አየር ተሸክሞት፣ የላባዎቹ ጫፍ ብቻ እንደ ጣት አንዱ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል። አይቀድማቸውም፤ ወደ ኋላም አይቀርም።

ጥይት ዕድሜውን ሁሉ ያየው ነገር ወደ ኋላው የሚሮጥ ነው፤ ቤቱም፣ ዛፉም፣ ሰላም የሚለው ሰውም። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሕያው ነገር ከጎኑ ሆኖ አብሮት ቆየ። ቋጥኙ እየሮጠ፣ ሸለቆው እየዞረ፣ ሦስቱ ግን ባሉበት ያሉ መሰለው።

ሽመላው አንገቱን ዘወር አድርጎ በአንድ ዓይኑ አያቸው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በምንም የማይገረም ዓይን። ለሱ እነሱም ሽመላ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ትንሽ የሚንጫጩ ዓይነት።

"ከኋላው..." አለች ሚስቱ በሹክሹክታ፤ በሞተር ላይ ሹክሹክታ እንደማይሰማ ረስታ። ጮክ ብላ ደገመችው፣ "ከኋላው እይ!"

ከኋላው ሌላ ነበር፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሸለቆው ላይ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሰማዩ ሽመላ ነበር። እንደ አንድ ትልቅ መንኮራኩር እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከላይ ደግሞ በመስመር ይለቀቃሉ። ሚስቱ ብረቱን ለቃለች። በሁለት እጇ ታሳየዋለች፤ እዚያ፣ እዚያም፣ ከደመናው ሥርም።

"ስንት ነው የሚበረው?" ብላ አገጯን ትከሻው ላይ አስደግፋ የፍጥነት መለኪያውን አየች።

ጠቋሚው አርባ ላይ ነበር። ቀዩ መስመር ሥር።

ሽመላው አንድ ክንፉን ዘንበል አድርጎ ወደ ሸለቆው እስኪታጠፍ ጠበቀች። ከዚያ፣ "አቁም" አለች።

አቆመ። ሞተሩ ሲጠፋ ፀጥታው ጆሮ የሚሞላ ነበር። ወረደችና የፍጥነት መለኪያው ላይ ጎንበስ አለች።

"ይሄ የኔ የጥፍር ቀለም ነው።"

"የትኛው?"

"ለወንድሜ ሠርግ የገዛሁት። የጠፋብኝ። እህትህ ናት የወሰደችው ብዬ እስከ ዛሬ አኩርፌያታለሁ!"

ጥይት ሄልሜቱን አወለቀ። መደበቅ የሚቻልበት ጊዜ እንዳለፈ ገባው። አራስ ስለተባለው ሞተር፣ ስለ ሮዳጁ፣ ስለ ዶክተር ማስጠንቀቂያ ሁሉንም ነገራት።

"ስለዚህ ሰው አይለወጥም ወይ ያልከኝ..."

"የተለወጠው ፒስተኑ ነው።"

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም። ገደሉ አፋፍ ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ላይ ታያለች። እሱም ከጎኗ ቁጭ አለ። ከራሳቸው በላይ መንኮራኩሩ አሁንም ይዞራል፤ አንዳንዴ ብዙ ክንፍ አብሮ ሲታጠፍ ሰማዩ ብልጭ ይላል።

"ስንት ዓመት ነዳሁበት ይሄን መንገድ" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ቀን አላየኋቸውም።"

"በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያልፋሉ። ልጅ ሆነን ጣሪያ ላይ ወጥተን ነበር የምናያቸው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ? ቆመህ ታውቃለህ?"

ተነሳች። በአውራ ጣቷ ጥፍር ቀዩን መስመር ፍቃ ፍቃ አነሳችው። መስታወቱ ላይ ፈዘዝ ያለች ጭረት ብቻ ቀረች።

"ሮዳጁ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ዛሬ። ድልድዩን ስንሻገር ኪሎ ሜትሩ ይሞላል።"

"እንግዲያው እስካሁን የፈተንኩት ብረቱን ነው። አንተን ከድልድዩ በኋላ አይሃለሁ።" ሄልሜቷን አጥልቃ ወጣች፤ ብረቱን ግን አልያዘችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ድልድዩን ተሻግረው አጭሩን ዳገት ወጡ። ከዚያ እስከ ከተማው መግቢያ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ሞተረኞቹ "ማኮብኮቢያው" ይሉታል። ባዶ ነበር። ወዲያው ከኋላ የሚያውቀው ጩኸት መጣ፤ ሮኬት የሚሉት ባልደረባው፤ ለዓመታት የጥይትን ጀርባ ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው። ጎኑ ሲደርስ ጥርሱን አገጠጠ።

"ጥይት! ምነው፣ ባሩድህ ረጠበ?" ብሎ ተፈተለከ።

የጥይት እጅ ጥይትን አላስፈቀደችም። ነዳጁን ጠመዘዘችው። ሞተሩ ጮኸ፤ ጤነኛ፣ የጠራ፣ ክረምቱን ሙሉ የናፈቀው ድምፅ። ጠቋሚው ጭረቷን አለፈ፣ ስልሳን አለፈ። የሮኬት ጀርባ መቅረብ ጀመረ። የሚስቱ የጋብቻ ቀለበት ከኋላ ብረቱን ሲነካ ቂው አለ። እንደገና ይዛዋለች።

በዚያው ቅጽበት ሰፊ ጥላ ከላዩ አልፎ አስፋልቱን ሰነጠቀው።

ቀና ሊል ፈለገ፤ አልቻለም። በዚህ ፍጥነት ቀና የሚል ሰው ቀጥሎ ቀና የሚለው አጥንት ክፍል ውስጥ ነው። ጥላው እጁ ላይ አለፈ፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ አለፈ፣ ሄደ። የማን ጥላ እንደሆነ ሳያይ ሄደ።

ጥይት ነዳጁን ለቀቀው። ሮኬት እያነሰ፣ እያነሰ፣ ነጥብ ሆነ። ሞተር ሳይክሉ ቀስ እያለ መንገዱ ዳር ሊቆም ሲቃረብ የግራ አውራ ጣቱ ዕድሜ ልኩን ነክቶት የማያውቀውን ቁልፍ ፈለገ። የግራው ፍሬቻ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ማለት ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ሚስቱ።

"ልመለስ ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ ከተራራው ጫፍ እንደርሳለን።"

ወደፊትም ወደኋላም አየች። ባዶ መንገድ።

"ማንም የለም እኮ። ለማን ነው የምታበራው?"

"ለነሱ" አለ በአገጩ ወደ ላይ እያመለከተ፤ መሪውንም ወደ ተራራው አዞረ።