ወደ ውጭ የሚከፈት በር

የሻወራችን በር የተሰበረው ባለፈው ወር ነው። እማ «በራሱ ጊዜ ወለቀ» አለች፣ እኔም አመንኳት። ያ የፕላስቲክ በር ድሮም ሲነኩት የሚንቋቋ፣ ወደ ውስጥ ሲገፉት የሚያላዝን ነገር ነበር። እሰይ ተገላገልነው ብዬ አዲስ የመስታወት በር ፍለጋ ተነሳሁ።

እኔ አንድ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። ስልኬ በበር ፎቶ ተሞላ። የፈለግሁት ፒቮት የሚሉትን ነው፤ እንደ ተራው በር በጎን ማጠፊያ ሳይሆን ላይና ታች በተተከለች አጭር ዘንግ የሚዞረውን። እሱንም ወደ ውስጥ የሚከፈተውን። ወደ ውጭ ከተከፈተ መስታወቱ ላይ የቀረው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ወለሉን የምወለውለው ደግሞ እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እማንና ወንድሜን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ወንድሜን ቤት ውስጥ «ሰብሳቢው» እንለዋለን፤ ሽንኩርት መግዛት እንኳ ለእሱ አጀንዳ ነው። ሱቁ ውስጥ እያንዳንዱ በር ከነግድግዳውና ከነወለሉ ተገጥሞ ቆሟል፤ የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ሻጩ አፈ ቅቤ ጎልማሳ ነው። አንዱን በር በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ሲያሳየኝ ልቤ ቀለጠ።

«ይሄ ነው! ተገኘ» አልኩ።

«ቆይ እንጂ» አለ ሰብሳቢው። «መያዣው ጥቁር ይሁን ብርማ ገና መች ተወያየን?»

«መስታወቱ እንደሆነ በመዶሻ ቢመቱት አይሰበርም» አለ ሻጩ፣ ሊያስታርቀን።

በዚህ መሃል እማ ጫማዋን አውልቃ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። «ጎሽ የኔ እናት፣ ሞክሪው!» አልኳት ደስ ብሎኝ። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ዝቅ፣ ዝቅ አለች፤ ከዚያም ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋደመች። ያውም የክት ልብሷን እንደለበሰች!

ክው አልኩ። ወንድሜ ዘሎ በሩን ገፋው። በሩ ጉልበቷን ነክቶ ቆመ። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ቆመ። ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ ስሙን የማውቀው በሽታ ሁሉ ባንዴ መጣብኝ።

«እስቲ ክፈቱት» አለች እማ ከውስጥ፣ ረጋ ብላ።

«ወደቅሽ እንዴ? ምን ሆንሽ?» አለ ወንድሜ።

«ዛሬስ አልወደቅኩም። የወደቅኩት ባለፈው ወር ነው።»

እኔም ወንድሜም ተያየን። ሻጩ መሬት መሬት ያያል።

«ልክ እንደዚህ ነበር የተዘረጋሁት» አለች። «ልነሳ ብል ዳሌዬ እሺ አላለኝም። በሩን ልስበው ብል የዘጋሁት እኔው በገላዬ ነኝ። በተረከዜ ስመታው፣ ስመታው ተሰንጥቆ ወለቀ። በደረቴ ተስቤ ወጣሁ።»

«እኛ የት ሄደን?» አልኩ።

«ሳሎን ነበራችሁ። ትስቁ ነበር።»

በእኛ ቤት ገላውን የሚታጠብ ሰው አይጠራም፣ አይንኳኳበትም። ሟቹ አባታችን ያወጣው ሕግ ነው፤ ልጅ በልጅ የሆነ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ያለዚያ ማንም በሰላም አይታጠብም ነበር። አባባ ካለፈ በኋላም ሕጉን ማንም አልነካውም። ያን ቀን ዱብ ዱብ ሲል ሁለታችንም ሰምተናል። ሰምተን ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግነው።

«ታዲያ ለምን አልጠራሽንም?» ብዬ ጮህኩባት። በእሷ ልናደድ በራሴ፣ አላውቅም።

እማ እኔን አላየችኝም። ዓይኗ ወንድሜ ላይ ነበር።

«ብጣራ ካንቺ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው» አለች። «ራቁቴን ነበርኩ።»

ወንድሜ እጁ መስታወቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና ወጣች። ሰብሳቢው ነፍስ ሲዘራ ወዲያው ውሳኔ አሳለፈ፤ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን አትታጠብም፣ የምታጥባት ሴት ትቀጠራለች፣ በር የሚባል ነገር የለም፣ መጋረጃ ይበቃል። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር ተስማማሁ።

«እኔ የመጣሁት በር ልመርጥ ነው፣ ሞግዚት ልመርጥ አይደለም» አለች እማ። «እናንተን አጥቤ ያሳደግኩ ሴት ገላዬ አያቅተኝም።»

«ደግመሽ ብትወድቂስ?» አልኳት። «አሁንም ሆድ ይፍጀው ብለሽ በተረከዝሽ ልትሰብሪው ነው? ሰውዬው አይሰበርም እያለሽ!»

ይህን ስናገር ነው የገዛ ምርጫዬ የገባኝ። እናቴን የምቆልፍበት ነገር ነበር በደስታ ስመርጥ ያረፈድኩት።

እማ ወደ ጎን ወዳለው በር ሄደች፤ ብዥ ያለ መስታወት ያለው፣ ውስጥ ያለውን ሰው ለውጭ የማያሳይ ነው። «ይሄኛው ወዴት ነው የሚከፈተው?» ብላ ሻጩን ጠየቀችው። «ወደ ውጭ ነው እናቴ» አላት፤ ቅቤው ከአፉ ጠፍቷል። ስባ ከፍታ ገባችና ዘጋችው። ጥላዋ ብቻ ታየን። ጥላዋም ዝቅ አለ።

«ና» የሚል ድምፅ መጣ።

«ማን?» አልኩ።

«እሱ። ዓይኑን ጨፍኖ ይምጣ።»

ወንድሜ አልተከራከረም። ዓይኑን ጨፈነ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ ግድ አልሰጠውም። መስታወቱን በእጁ ዳሰሰ፣ መያዣውን አገኘ፣ ሳበ። በሩ ማንንም ሳይነካ ተከፈተ። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አየር ጨበጠ፣ ግድግዳ ነካ።

«ወደ ታች» አለችው።

እጁን ወደ ታች አወረደ። ያዘችው። ከጨፈነው ዓይኑ እንባ ይወርዳል፣ አልጠረገውም።

«እንዲህ ከመጣህ» አለች እማ እጁን ሳትለቅ፣ «እጠራሃለሁ።»