ምንጭ፦ የእኅቴ ቃል

ቃለሕይወት በግንቦት ከሞተ በኋላ ስልኩን የያዘችው እኅቱ ትንሳኤ ናት። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ከፈረቃ ስትወጣ ስልኩን ቻርጅ ታደርጋለች፤ ወንድሟን ፈልጎ ለሚደውል ሰው «አርፏል» ብላ ትመልሳለች። እስከ ኅዳር ድረስ የሚደውለው ሁሉ አልቆ ነበር።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ። ቃለሕይወት ኩላሊቱ ታሞ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ስለ ቦርከና ዳር አጥቢያ፣ ጽፎ ነበር። አሁን «ሀፊዝ ዘደሴ» የሚባል ሌላ ጸሐፊ ጽሑፉ ከመዝገቡ እንዲነሳ ሐሳብ አቅርቧል። «አጥቢያው ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ለመሆኑ፣ ከአባላቱ ውጭ ያለ ሰው የጻፈው ማስረጃ አላገኘሁም። ጸሐፊው በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ቢሰጡን» ይላል።

ትንሳኤ ጽሑፉን አንብባው አታውቅም። ያኔ እግሩን እያሸችለት «ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፈው?» ስትለው «ሲያልቅ ታነቢዋለሽ» ይላት ነበር። ሲያልቅ እሱም አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ለመክፈት ድፍረቱን አጣች።

ፋብሪካው በር ላይ ቆማ አነበበችው። አጭር ነው። አጥቢያው በማን ጓሮ እንደተጀመረ፣ ቆርቆሮ መቼ እንደለበሰ ይናገራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የምሥራቁን የድንጋይ ግድግዳ በእጁ ያቆመው ግንበኛው አቶ ጸጋው ነው።» አጠገቡ ትንሽ ቁጥር አለች። ስትነካት ከታች ምንጩ ወጣ፦ «የእኅቴ ቃል።»

ጸጋው አባታቸው ነው። ግንበኛ ሆኖ አያውቅም። የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ቃለሕይወት ሁለት ወር ሳይሞላው በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በዚያው ቀረ። ግድግዳው ሲሠራ እሱ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

እናታቸው እቴነሽ ፈረቃ ስትገባ ልጁን የምትይዘው ትንሳኤ ነበረች። አንድ እሑድ፣ እሱ ስድስት እሷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ የሰንበት ትምህርት ልጆች «አባት የለህም» ብለውት እያለቀሰ መጣ። ይዛው ወደ ውጭ ወጣች፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና «ይሄን ማን የሠራው ይመስልሃል? አባባ ነው» አለችው። ልጁ ዞሮ ድንጋዩን አየ። ማልቀሱንም ተወ። እናታቸው ስትሰማ አላረመቻትም። ሲያድግ እነግረዋለሁ ስትል ዓመታቱ ሄዱ፤ እናታቸው ሞተች፤ እሱም ታመመ፤ የታመመ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም።

ስለ ራሱ የጻፈበትንም ገጽ ከፈተች። አንድ መስመር ብቻ ነው። «የግንበኛ ልጅ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

ለሀፊዝ «ጸሐፊው አርፏል። እኅቱ ነኝ። እባክዎ አያጥፉት» ብላ ጻፈችለት። ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ። «ፈጣሪ ያጽናዎት። አላወቅሁም። እንዲተርፍ አብረን እንሞክር። ጋዜጣም ይሁን መጽሐፍ፣ የተጻፈ ነገር ካለ ይፈልጉ። እኔ ደሴ ነኝ።» ስልክ ቁጥሩንም አኑሮላታል።

በማግስቱ የአጥቢያው ሽማግሌ ጋሼ ሞላልኝ ቤት ሄደች።

«ወረቀት?» አሉ። «ቁም ሳጥን ሙሉ ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ አንድ ቅጠል አላገኘንም።»

«ጋሼ፣ የምሥራቁን ግድግዳ ማን ነው የሠራው?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «መሕሙድ ነዋ፣ የደጋን ከተማው ግንበኛ። ለእግዜር ቤት ነው ብሎ የእጁን ዋጋ ግማሽ አስቀረልን። ድንጋዩን ከወንዝ ያመላለሱት ሴቶቹ ናቸው፤ እናትሽ ትከሻዋ ቆስሎ በአንድ ጎኗ ነበር የምትተኛው።»

ትንሳኤ እናቷ በአንድ ጎኗ ትተኛ እንደነበር ታስታውሳለች። ምክንያቱን ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ለልጁ ምን እንዳልሽው ሁላችንም እናውቅ ነበር» አሉ ጋሼ ሞላልኝ። «አንድ ቀን እኔኑ ‹አባዬ ሲሠራ አይተውታል?› ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። አሁንም ዝም በይ፤ ማንን ይጎዳል?»

ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች። ሀፊዝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጋቢ የደረበ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ሁለት ቀን ሲፈልግ ውሎ አንድ የቆየ የከተማ መጽሔት አግኝቷል። የአጥቢያው ስም ከሌሎች ስሞች ጋር ተደርድሮ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ሌላ ነገር የለም።

«በዚህ ብቻ አይቆምም» አላት። «ከሌሎች አጥቢያዎች የሚለየው የግድግዳው ታሪክ ነው። ‹የግንበኛ ልጅ ነኝ› ብሎ የለ? አባት የሠራው፣ ልጅ የጻፈለት ግድግዳ። ደንቡ የሰው ቃል አይቀበልም፤ ግን እኅትየዋ እርስዎ ከሆኑና እውነት ነው ካሉኝ፣ ከሌሎቹ ጸሐፊዎች ጋር እከራከርለታለሁ።»

ትንሳኤ መጽሔቱን አየች። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ያን እሑድ እንዴት ቀልሏት እንደነበር ታውቀዋለች።

«ዋሽቼው ነው» አለች። «አባታችን ጥሎን ሄዷል። ግድግዳውን የሠራው መሕሙድ የሚባል የደጋን ሰው ነው። ድንጋዩን የተሸከመችው እናቴ ናት። እኔ ስሟን ወስጄ ጥሏት ለሄደው ሰው ሰጠሁት።»

ሀፊዝ መጽሔቱን ዘጋው። «ወንድምሽ ያውቅ ነበር?» አላት፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ሳያስበው ትቶት።

«አያውቅም። አምኖኝ ሞተ።»

እዚያ ወንበር ላይ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀሰችም። ሀፊዝ «አብሽሪ፣ እኅቴ፣ አብሽሪ» እያለ በሩን ገርበብ አደረገላት።

ሲቀላት ራሷ አረመችው። የአባቷን ስም አጠፋችና የመሕሙድንና የእቴነሽን ስም ጻፈች። «የእኅቴ ቃል» የሚለውንም አጠፋች። በቦታው ምን እንደምትጽፍ ጠየቀችው።

«ምንም የለንም» አላት። «ባዶውን ተዪው።»

ማክሰኞ ውይይቱ ተዘጋ። አራት ሰዎች ይነሳ ብለዋል፤ ሀፊዝም ከአራቱ አንዱ ነው። ከውሳኔው በፊት ደውሎ ነግሯት ነበር። «እውነት መሆኑን አምኛለሁ። ግን ያልተጻፈ ነው» አላት። አልተቀየመችውም። ጽሑፉ የነበረበት ገጽ ላይ አሁን በዚህ ርዕስ ምንም እንደሌለ ብቻ ይነበባል።

እሑድ ጋሼ ሞላልኝ ከስብከቱ በኋላ ነገሩን ለጉባኤው ሲያሳውቁ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ አልጣሽ የሚባሉ አሮጊት «አልበቃንም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ትንሳኤ ተነስታ የመሕሙድንና የእናቷን ነገር ለጉባኤው ተናገረች። ስለ አባቷ ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ቀድመው አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ ስታይ ተቀመጠች።

ከሳምንት በኋላ ስልኩ ራሱን አድሶ ተነሳ። የወንድሟን ገጽ ልታይ ስትከፍት የይለፍ ቃል ጠየቃት። የእናቷን ስም ሞከረች። የራሷን ሞከረች። የአጥቢያውን ስም ሞከረች። የቀራትን አንድ ስም ታውቀዋለች፤ ፊደሎቹን እስከ መጨረሻው ጻፈችና አንድ በአንድ መልሳ ደመሰሰቻቸው። የፈረቃዋ ሰዓት ደርሶ ነበር። ስልኩን አጥፍታ ወጣች።