ሦስተኛ ደረጃ

«ለሚመለከተው ሁሉ! የነገሌ ቦረና አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ደረጃ ጸሐፊ አቶ ሙሉነህ፣ ከጥቅምት ፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ስለሆኑ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር እንዲቀመጡ ተፈቅዷል።»

ማስታወቂያው እንደ ክተት አዋጅ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ሲያየው፣ ሙሉነህ ሚስቱ በመንገዱ ላይ አለመኖሯን ዞሮ አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ሚስቱ ብዙወርቅ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት አገኘች፤ አፍራ ዝም አለች። የነገረችው ሎሚ ካከለ በኋላ ነው። በጭነት መኪና፣ በክብረ መንግሥት በኩል፣ አቧራ እየቃሙ አዲስ አበባ ደረሱ። ሐኪሙ ግራ ጡቷን ቆርጦ ካወጣ በኋላ ሙሉነህን ለብቻው ጠራው። ነቀርሳው ብብቷ ደርሷል፣ ደረጃው ሦስተኛ ነው፣ ከአራተኛ ወዲያ ሌላ ደረጃ የለም አለው። አምስት ዓመት ከሞላት ተስፋ አላት፤ ብዙዎቹ ግን አይሞላቸውም።

ብዙወርቅ «ምን አለህ?» ስትለው፣ ውሸት ሳያሰናዳ ነበርና የገባው፣ «ሦስተኛ ደረጃ ነው» አላት።

የጸሐፊ ሚስት ናት። አንደኛ ደረጃ ሲገባ ሰው ብድግ እንደሚል፣ ሦስተኛ ደረጃ ግን ቀለም ሲያልቅ የሚላክ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ፊቷ ፈካ።

«እንዳንተ ነዋ። እንግዲያ ምን አቅም አለው? አንተ ሦስተኛ ላይ እስካለህ እሱም ንቅንቅ አይል።»

ሙሉነህ አላረማትም።

ከዚያ ወዲህ ሹመት በመጣ ቁጥር የሌሎቹ ሚስቶች ሲያኮርፉ እሷ «ተመስገን፣ ዘንድሮም አለፉን» ትላለች። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ሸምሳ በሰፋችላት የጥጥ ጡት ገበያ ትወጣለች። ግራ እጇ ያብጣል፤ እንስራ ማንሳት ከተወች ቆይታለች። ጡቷ ከተቆረጠ አምስት ዓመት ሊሞላት ሰባት ወር ቀርቷል። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ደረቅ ሳል ይዟታል። የነገሌ አቧራ ነው ትላለች።

ሙሉነህ፣ ብዙወርቅ በዚያ ሳታልፍ፣ ማስታወቂያውን ገንጥሎ አለቃው ቀኛዝማች አበባየሁ ፊት አስቀመጠው። ሹመቱን እንደማይቀበል ነገራቸው። ቀኛዝማች ሰው ደጅ ጠንቶ የሚያገኘውን የሚመልስ ጤነኛ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ተላላኪው ዲባም በሩ ላይ ሆኖ፣ «አካም፣ ደህና ነህ ወይ ሙሉነህ፣ ወንበሩ ይናከሳል እንዴ?» አለው።

«በል ምክንያትህን ጻፍ» አሉ ቀኛዝማች።

«አልጽፍም ጌታዬ።»

«በቃል ንገረኛ።»

«በቃልም አልናገርም። ብቻ ሦስተኛ ላይ ልቆይ።»