የጠገበ አፍንጫ

ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት ዓመት፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቃሊቲ በሚገኘው የሻፊ ፊልም ቤት ሦስት ሰዎችና አንድ ውሻ ነበሩ። ሻፊ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሙ ሀይረዲን ግድግዳውን በክንዱ እየለካ ነው። የጎረቤቱ የዱቄት መጋዘን ዘበኛ ጋሽ ቀናው በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ውሻቸው ሻለቃ እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

«ሰማንያ ጆንያ ሽንኩርት አይጠበውም» አለ ሀይረዲን ልኬቱን ሲጨርስ። «የኢድ ማግስት አራግፋለሁ። አንተም ኮምፒውተሩን ሸጠህ ሚዛን ላይ ትቆማለህ።»

«እሺ» አለ ሻፊ። ለወንድሙ ከዚህ ሌላ ቃል መልሶ አያውቅም።

ሀይረዲን ክፉ ሰው አይደለም። ሳሪስ ሽንኩርት ያከፋፍላል፤ ቤቱንም የተከራየው እሱ ነው። ሻፊ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት ሲያቆም «ይኼ ልጅ ሰው ፊት መቆም ያፍራል፣ ገበያ ውስጥ ይበሉታል» ብሎ ኮምፒውተሩን የገዛለትም እሱ ነው። ያኔ ፊልም የሚያስጭነው ሰው ብዛት በር ያዘጋ ነበር። ፍላሽ ይሰጡታል፣ ይጭናል፣ ይመልሳል። ብዙ ወሬ የለውም። ለዐይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይገኛል?

በኋላ ግን ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ማየት ጀመረ። የቂሊንጦ ፋብሪካ ሴቶች አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ፓስወርድ የባሕር ማዶውን ፊልም ሁሉ በየስልካቸው ያያሉ። ሻፊ ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ የመሰለውን አደረገ፦ በአምስት ፊልም ዋጋ ሦስት መቶ መጫን ጀመረ፣ ፍላሹ ጢም እስኪል። ጢም ያለ ፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው ግን በዚያው ቀረ።

ሀይረዲን ሊወጣ ሲል ሻለቃ ተስፈንጥሮ ተነሣና የጃኬቱን ኪስ ማሽተት ያዘ።

«ኧረ ያዙልኝ ይኼን ውሻ!» ሀይረዲን ጃኬቱን ሰብስቦ ወደ ኋላ ዘለለ። «ሥጋ የያዝኩ መሰለው እንዴ? ቴምር ናት፣ የማፍጠሪያዬ።»

ጋሽ ቀናው ውሻውን በአንገቱ ያዙና ሳቁ። «ይቅር በለው። የጌዲዮን ሥጋ ቤት ለጾሙ ከተዘጋ ጀምሮ እንዲህ ሆኗል። ታኅሣሥ ላይ አጥንት እየተወረወረለት ጠግቦ በነበረ ጊዜ፣ ሌባ አንድ ኩንታል ዱቄት ተሸክሞ ጭራውን ረግጦት ሄደ። ማን ነው የረገጠኝ ብሎ ዐይኑን አልገለጠም! ዛሬ ከአስፋልቱ ማዶ ሴትዮ በፌስታል ዳቦ ይዛ ብታልፍ እዚህ ሆኖ ያውቃታል። አፍንጫው ያው የድሮው ነው። የተለወጠው ሆዱ ነው።»

«እንግዲያው ጨርሰው አይመግቡት፣ ጎበዝ ዘበኛ ይወጣዋል።»

«አዬ! አምና አሞኝ ሦስት ቀን ብቀር ጫማዬን በልቶ ጠበቀኝ። ከመጠን በላይ የራበው ደግሞ ሁሉም ነገር ሥጋ ሥጋ ይሸተዋል። በልክ ነው፣ ሀይረዲን። በልክ።»

ሀይረዲን እየሳቀ ወደ ሳሪስ ሄደ። ጋሽ ቀናው ከኮታቸው ኪስ ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሻፊ፣ ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። ሦስት መቶ ፊልም ጫንክልኝ፤ አንዱንም አልጨረስኩት። ይኼን ስጀምር ያኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ያንን ስጀምር ሌላው። እኔም የታኅሣሡ ሻለቃ ሆኜልሃለሁ። ሁሉንም አጥፋና አንድ ብቻ ስጠኝ። ዘፈን እንዳይኖረው አደራ፣ ጾም ነው።»

ሻፊ አንድ ጫነላቸው። ሲመርጥ ግን ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ እሳቸው የሚወዱትን ለማወቅ እሳቸውን ማሰብ ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲጠናበት የሳምቡሳ ዘይት ሽታ መጣ። ከሦስት ቤት ወዲያ ሐጀራ እየጠበሰች ነው። ሐጀራ ዓመቱን ሙሉ ትጠብሳለች፤ ሻፊ ግን በሌላው ወር ሸትቶት አያውቅም። አሁን ሽንኩርቱን ከምስሩ፣ ቃሪያውን ከሽንኩርቱ ለይቶ ያሸታል። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ የሻለቃን አፍንጫና የጋሽ ቀናውን ፍላሽ አሰበ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥርጉት ገባች። ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከመጣች ስምንት ወር ሆኗታል። «ሙላልኝ!» ብላ ፍላሹን ወረወረችለት። «የፓስወርዱ ባለቤት የነበረችው ልጅ ሥራ ለቃ ሄደች። ቀይራብን! ጨካኝ!»

ሻፊ ዐይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ ጠየቃት። «ለመጨረሻ ጊዜ ጀምረሽ የጨረስሽው ፊልም የትኛው ነው?»

«የጨረስኩት?» አለች። «እንጃ። እኔ እኮ ፎቶውን ነው የማየው። ይኼን ልክፈት ያንን ልክፈት ስል እራቱ ይበርዳል። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሻፊ ጫነና መለሰላት።

«ምነው ፈጠነ?»

«ድራማ ነው። ባለ ስምንት ክፍል። የአንዲት ሴት ወፍጮ ቤት ተቃጥሎ ማን እንዳቃጠለው የሚፈለግበት። አንደኛውን ክፍል ነው የጫንኩልሽ።»

«አንድ ብቻ? አቦ አትቀልድ! ሰባቱንስ ለማን ደበቅኸው?»

«ማክሰኞ ነይ» አለ ሻፊ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «ማን እንዳቃጠለው የመሰለሽን ንገሪኝ። ሁለተኛውን ያኔ እጭናለሁ።»

«ፈተና አደረግኸው እንዴ፣ ጋሼ መምህር!» አለችና እየተነጫነጨች ወጣች። ሻፊ የቀረችውን አንዲት ደንበኛ በገዛ እጁ ያባረረ መሰለው። እስከ ማግሪብ ሶላት ድረስ ጠርቶ ይመልሳት እንደሆነ ሲያስብ ቆየ፤ ስልኳን ግን አያውቀውም።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኞቹን አራግፎ ሄደ። ሻፊ የበሩን ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣ። ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ የተኛው ሻለቃ ቀና አለ። አፍንጫውን ወደ መታጠፊያው አዞረና ጭራውን መቁላት ጀመረ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ሥርጉት ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ሦስት ጓደኞቿ ተከትለዋታል፤ ከፋብሪካው የተረፈ ዳቦ በፌስታል ይዛለች።

«አማቷ ናት!» አለች ገና ሳትገባ። «ጠባሳዋን አላየህም? አማቷ ናት ያቃጠለችው!»

«ውሸቷን ነው፣ ባሏ ነው» አለች ከኋላ ያለችው። «ጫማው ላይ ጥላሸት ነበር።»

«ጥላሸቱን አየሽው?» አለ ሻፊ፣ ሳያስበው ቀና ብሎ። እሱ ራሱ ያስተዋለው ክፍሉን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያይ ነበር።

«ኢንተርኔት ላይ ፈልጌው ነበር፣ ልንገርህ» አለች ሥርጉት። «ልደርስበት ስል ሌላ አርባ ፊልም ደረደረልኝ። በዚያው ጠፋሁ።» ዳቦውን ቆርሳ ለሻለቃ ወረወረችለት። ሻፊ ሁለተኛውን ክፍል ለአራቱም ጫነ።

ቅዳሜ ለሦስተኛው ክፍል ሰባት ሆነው መጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሐጀራ ሳምቡሳዋን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል ብላ ነው። ሻፊ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን መጠየቅ ተማረ። ሲጠይቅ አሁንም ኪቦርዱን ያያል፤ ግን ይጠይቃል።

የኢድ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ሀይረዲን ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ መጣ። መኪናው ወደ በሩ ሊጠጋ አልቻለም። ሴቶቹ ደጃፉን ሞልተው ይከራከራሉ፤ ጋሽ ቀናውም መሀላቸው ገብተው «አማቷ ናት ያላችሁ ሁሉ ተሳስታችኋል» እያሉ ይሟገታሉ።

«አንዴ አሳልፉኝ!» አለ ሀይረዲን።

«ተራህን ጠብቅ፣ ወንድም» አለችው ሥርጉት።

ቆመ። ቆሞ መስማት ጀመረ። ቆይቶ አላስችል አለውና «ነዳጁን የገዛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አልታወቀም።»

«ባለሱቁን ጠይቁታ! ነጋዴ የሸጠለትን ሰው ይረሳል እንዴ?»

ባለሱቁን ማንም አላሰበውም ነበር። ሀይረዲን በሰዎቹ መሀል ተሽሎክሉኮ ከኮምፒውተሩ ፊት ደረሰ።

«ማን ነው ያቃጠለው?» አለው በሹክሹክታ። «ለእኔ ንገረኝ፣ ለማንም አልናገርም።»

ሻፊ ቀና ብሎ ወንድሙን ዐይን ለዐይን አየው።

«ማክሰኞ» አለው።

አይሱዙው ሽንኩርቱን እንደ ጫነ ወደ ሳሪስ ተመለሰ። ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሀይረዲን አዲስ ፍላሽ ገዝቶ መጣና ከሥርጉት ኋላ ተሰለፈ።