የኖያ ስልክ ቁጥር

አምባው ያቭኔ ከተማ ድረስ ሄዶ የተመረመረው፣ በሚኖርባት በእስራኤሏ ቂርያት ማላኪ ሰው እንዳያየው ብሎ ነበር። እዚያማ ክሊኒክ በር ላይ የታየ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። ሐኪሙ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ የወጣበትን ሽፍታ አየና፣ ቀስ ባለ ዕብራይስጥ፣ «ቂጥኝ ይመስለኛል። ጠፍቶ ነበር፤ ዘንድሮ በዚህ አካባቢ እንደገና ተነስቷል» አለው። ለምርመራ ደም ቀዳለት። «ሚስትህ እርጉዝ ከሆነች ዛሬውኑ ንገራት፤ ጽንሱን ይጎዳል። ውጤቱ በስልክ ይደርስሃል።»

ሚስቱ አበዛሽ የእርግዝናዋን አምስተኛ ወር ይዛለች። አምባው ግን ዛሬ ነገ ሲል አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ቤኤር ቱቪያ፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር እጁ ቀጥ አለ። በስልክ? በማን ስልክ? ከኢትዮጵያ የመጡ ጊዜ ቀድማ ዕብራይስጥ የያዘች ልጃቸው ኖያ ስለነበረች፣ ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኑ ዘንድ የተመዘገበው የልጅቷ ቁጥር ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ ወላጅ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሐኪሙም የመብራቱም መልእክት ልጆቹ ኪስ ይገባል። አይ አምባው! ያን ሁሉ መንገድ ተደብቀህ ሄደህ፣ ጉድህን ለገዛ ልጅህ ላክህላት!

ኖያ የምትሠራው ጌዴራ ከተማ፣ ልብስ መሸጫ ነው። ደወለ፤ አታነሳም። ደገመ፤ አታነሳም። ለአለቃው ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ቀድሟት ቤት ለመግባት አውቶቡስ ተሳፈረ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ስልኩን ያያል። «ተሳስተው ነው፣ የሌላ ሰው ውጤት ነው እላለሁ» እያለ ውሸቱን ሲያጠና ፌርማታው አለፈው። ተመልሶ በእግሩ ሮጠ።

ቤት ሲገባ ኖያ ስልኳን ጨብጣ ቆማለች። አበዛሽ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ «ይህቺ ልጅ ከሥራ ጥላ መጣች፤ ምን ሆንሽ ብላት አትናገርም» አለችው።

«አባ» አለች ኖያ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሬ ተርጉሜላችኋለሁ። አስተማሪዬ እኔኑ ስትከስ እንኳ ተርጉሜያለሁ። ዳይ፣ በቃኝ! ይሄን አልተረጉምም። ራስህ ንገራት።»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። የአበዛሽን ሆድ አየና አፈረ።

«በደልኩሽ» አለ። «አንዲት ሴት ጋ ሄጃለሁ። ቂጥኝ ይዞኛል። አንቺም ቶሎ ታይተሽ መርፌ ካልተወጋሽ ለልጁ ያሰጋል።»

አበዛሽ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሐኪም ከነገረህ ስንት ቀንህ ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ቀን!» አለች። «እኔን ተወኝ፤ ይሄ ምን አደረገህ?»

ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች። ኖያ እንደ ልማዷ የእናቷን መታወቂያና ቦርሳ አነሳች። አበዛሽ ከእጇ ተቀበለቻት።

«አንቺ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ዛሬ አትመጪም።» ከዚያ ወደ አምባው ዞረች። «ያላ፣ ቅደም! ያቭኔ የለም፤ እዚሁ ሰፈራችን ነው የምንታየው። በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጥህ፣ ምን እንዳመጣህብን ለሐኪሙ አንተው ትነግረዋለህ።»