ሳይምል ተናገረ

«ሰኞ ወንድሜ አንዴ አፉን ይክፈት፣ የቡታጅራ ሰው በሙሉ አፉን ይዘጋል!» አለች ሳሌሃ፣ የያዘችውን የበርበሬ ዛላ ወደ መጋዘኑ ጣሪያ ቀስራ። «ወላሂ እላችኋለሁ፣ ዳኛው ራሱ ተነስቶ ‹ሙከሚል፣ ተሳስተን ነው› ይለዋል።»

በርበሬ ቀንጣሾቹ ዐሥር ይሆናሉ። ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስበው፣ እግራቸውን ዘርግተው ክምሩን ከበዋል። አንዷ አስነጠሰች። ሌላዋ «የርሐሙኪላህ» አለቻት። ለሳሌሃ ግን መልስ የሰጣት የለም። ይሄ ደግሞ ለእሷ ከስድብ ይብሳል።

ሳሌሃ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁማለች። ለምን ሲሏት «አስተማሪዎቹ መልስ አልቆባቸው» ትላለች። ታላቅ ወንድሟ ሙከሚል የባጃጅ ሾፌር ነበር። አሁን ሙሀመድሰይድን ገድለሃል ተብሎ ማረሚያ ቤት ከገባ ስምንት ወሩ። ሙሀመድሰይድ የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ ነበር። በገበያ ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ «ተራዬን ለሌላ ሰጠህብኝ» በሚል ከሙከሚል ጋር ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ፣ ሰው ገላገላቸው። ዐሥር ሰዓት ላይ ሙሀመድሰይድ ከገበያው ጀርባ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሲመታ ያየ የለም። ሁለቱ ሲተናነቁ ግን ያላየ የለም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር። አንድ ያደረገው አጎቷ ሰይዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ሰብስቦ ሟች ቤት ላከ። በዚያ አገር ሽማግሌ ወደ ሐዘን ቤት በር ሄዶ ጫማውን አውልቆ ሲቆም፣ ደም ከእጃችን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቡታጅራ ነገሩን በዚያው ቀን ዘጋው፤ ልጁ ካልገደለ ሽማግሌ ምን ሊሠራ ተላከ?

«አጎቴ ነው ያበላሸው» ትላለች ሳሌሃ። አጎትሽ ለምን ላከ ሲሏት ግን፣ ክምሩ ውስጥ ጠጠር መፈለግ ትጀምራለች።

«የፈለገውን ቢናገር ምን ዋጋ አለው» አለች ፈቲሀ በመጨረሻ። ፈቲሀ አለቃ ተብላ አልተሾመችም፤ ነገር ግን እሷ ሳትነሳ ለምሳ የሚነሳ የለም። «እኔ የምጠብቀው መሐላውን ነው። ቁርኣን ይዞ ‹አልገደልኩም› ይበል። ያኔ እኔ ፈቲሀ፣ እናትሽ ቤት ድረስ በእግሬ ሄጄ አፉ በይኝ እላታለሁ።»

«ይምላል! ምን ችግር አለው? ሁለት እጁን ቁርኣኑ ላይ አድርጎ ይምላል። ያኔ እኛ ቤት በር ላይ ትሰለፋላችሁ። ተራ የማስከብረው ደግሞ እኔ ነኝ!»

ተራ የሚለው ቃል ከአፏ እንደወጣ መጋዘኑ ጭጭ አለ።

ሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ግቢ ገበያ መሰለ። ባጃጆቹ ተራቸውን ጥለው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ከቡኢና ከእንሴኖ ድረስ የመጣ ሰው አለ። ነፍስ በማጥፋት የተከሰሰ ሰው ቆሞ ስለ ራሱ ሲናገር መስማት ማን ይጠላል!

ሳሌሃ ግን መግባት ተከለከለች። የመከላከያ ምስክር ናት፤ ምስክር ደግሞ ተራው እስኪደርስ ውጪ ይጠብቃል። መንግሥት ያቆመላቸው ጠበቃ ሰርካለም ከወልቂጤ በአገና በኩል በሚኒባስ የመጣች፣ ዓይኗ የደከመ ሴትዮ ናት።

«ያን ቀን ምሳ ሊበላ መምጣቱንና ሸሚዙ ላይ ደም አለመኖሩን ብቻ ነው የምትናገሪው» አለቻት ጠበቃዋ። «ማታውን ሸሚዙን ያጠብሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን ትናገሪያለሽ። እስከዚያ ዛፉ ሥር ቁጭ በይ። አደራ፣ አፍሽን ሰብስቢ።»

«የቱን አፌን?»

«ያለሽን በሙሉ።»

ዛፉ ሥር ፈቲሀና የመጋዘኑ ሴቶች ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ግድግዳው ጥግ፣ ከሰው ነጠል ብላ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ሰፍያ ናት፣ የሙሀመድሰይድ እናት። ሳሌሃ ወደዚያ በኩል ላለማየት ጀርባዋን አዙራ ቆመች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሔራን ከችሎቱ እየሮጠች ወጣች። ሔራን መጋዘን ከሳሌሃ ጎን የምትቀመጥ ልጅ ናት። ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም።

«ተናገረ!»

«ምን አለ?»

«‹ተጣልተን ነበር፤ ከተገላገልን በኋላ ግን ዓይኑን አላየሁም፤ አልገደልኩትም› አለ።»

«አላልኳችሁም!» አለች ሳሌሃ፣ እጇን እያጨበጨበች። «ዝጉ እንግዲህ አፋችሁን! እትዬ ፈቲሀ፣ ተነሺ፣ እናቴ ቤት ናት!»

«ግን...» አለች ሔራን። «ሳይምል ነው የተናገረው።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

«ሳይምል!»

«ቁርኣኑ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ እያየው!»

«እጁን ቢያስነካው ምን እንደሚሆን ያውቃላ!»

«ዐቃቤ ሕጉስ? አላፋጠጠውም?»

«አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። የጠየቁት ዳኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ግልጽ ላልሆነላቸው ነገር» አለች ሔራን።

በር ላይ የቆመችው ፖሊስ ጩኸቱ ሲሰለቻት መለሰች። «ሕጉ ነው እኮ! ተከሳሽ ቃሉን ሲሰጥ አያስምሉትም፣ ዐቃቤ ሕግም አይጠይቀውም። እምላለሁ ቢልም አያስምሉትም!»

«ሕጉ የእናንተ ነው» አለ አንድ ከዘራ የያዘ ሰውዬ። «እኛ መሐላ የሌለበትን ወሬ ምን እናድርገው? ይሄንንማ ገበያም እንሰማዋለን።»

«አንተ መቼ ምለህ ታውቃለህና ነው?» አለች ሳሌሃ። «የገረጀፈ በሬ ወይፈን ነው ብለህ ስትሸጥ ስንት ቁርኣን ይዘህ ነበር?»

ጥቂት ሰው ሳቀላት። ሰውየው ከዘራውን ወዘወዘ። «የገዳይ እህት ደግሞ አፍ አላት!»

«አለኝ! ከፈለግህ ላበድርህ!»

ሔራን ግን ሻሿን ጎተት አደረገቻት። ያልጨረሰችው ወሬ አለ። በጆሮዋ ልትነግራት ብላ ነበር፤ ሔራን ስታንሾካሽክ ግን እንሴኖ ድረስ ይሰማል።

«ዳኛው ‹ካልገደልክ ቤተሰብህ ሽማግሌ ለምን ላከ?› አሉት። እሱ ደግሞ ‹እኔ ማንንም አልላክሁም። እህቴ ጉረኛ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ተጣልተን ነበር ስላት፣ መጋዘን ሄዳ ዘረረው ብላ አወራች። አጎቴ እሱን ሰምቶ፣ እውነት መስሎት ላከ› አለ።»

ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከአጥሩ እስከ ዛፉ።

«ጉድ ነው! ነፍስ አጥፍቶ እህቱ ጀርባ ተደበቀ!»

«ወንድ ልጅ በእህቱ ያመካኛል?»

የሳሌሃ ፊት ነደደ። ስምንት ወር ሙሉ ለእሱ ስትከራከር፣ ለእሱ ስትሰደብ፣ ስንቅ ስታመላልስ ኖራ፣ ቆሞ ጉረኛ ይበላት! በከተማው ሰው ፊት!

«ውሸት ነው!» አለች። «እንደዚያ አላልኩም!»

ፈቲሀ ቀና ብላ አየቻት። የመጋዘኑ ሴቶችም አዩዋት። ጠቡ በተነሳበት ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያው ክምሩ ዙሪያ ነበሩ። ሳሌሃ ከምሳ ተመልሳ መሃላቸው ቆማ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወንድሜ ሙሀመድሰይድን መሬት ላይ ዘረረው! ሁለተኛ አይነሳም!» ስትል ሁሉም ሰምተዋል። ሙከሚል የነገራት «ተያያዝን፣ ገላገሉን» ብቻ ነበር። መዘረሩን የጨመረችው እሷ ናት፤ ወሬው እንዲያምር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሬሳው ተገኘ። ማታውን ወሬው አጎቷ ሰይዶ ጆሮ ደረሰ። እሷም ያኔ «ቀልዴን ነው» ለማለት አፍራ ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ሄደ፣ እሷም ዝም እንዳለች ቀረች። በሕይወቷ ዝም ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

«ነይ እስቲ» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ጥግ መጣ።

ሰፍያ ነበረች። ሳሌሃ ወደ ድንጋዩ ሄደች።

«ብለሻል አላልሽም አልጠይቅሽም» አለች ሰፍያ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ብለሻል፤ ያን ቀን ማታውኑ ሰምቻለሁ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እሱ ነግሮሽ ነው ወይስ ከራስሽ?»

ሳሌሃ ከጥፍሯ ሥር የበርበሬ ቅንጣት መልቀም ጀመረች።

«ስምንት ወር ሙሉ ስሰግድ ወንድምሽን ስረግም ነው የከረምኩት። እሱ ካልሆነ እርግማኔ ያለ ቦታው ነው የወደቀው። ልጄን የገደለውም እዚህ ከእነዚህ ጋር ቆሞ እየሳቀ ይሆናል።»

ሳሌሃ ወደ ሕዝቡ ዞራ አየች። ከዘራ የያዘው ሰውዬ ይስቃል። ባጃጆቹ ይስቃሉ። አንዱ ሔራንን እያስደገማት ነው።

«ምስክር ሳሌሃ!» ብላ ተጣራች ፖሊሷ ከበሩ።

ችሎቱ ውስጥ ሙከሚል ከስቶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ ተቀምጧል። አላያትም። እሷም ልታየው አልፈለገችም፤ ገና አልበረደላትም። ቁርኣኑን አቀረቡላት።

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች። «እሱን ስላላስማላችሁት፣ ውጪ ያለው ሰው ፈርቶ ነው እያለ ነው። የእሱንም ጨምሬ ልማልለት?»

«ስለ ራስሽ ብቻ ማይ።»

ማለች። እጇ ቁርኣኑ ላይ ሲያርፍ ከበርበሬ ይልቅ አቃጠላት። ሰርካለም ስለ ምሳው ጠየቀቻት፤ መለሰች። ስለ ሸሚዙ ጠየቀቻት፤ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ እንደነበር፣ ደም ግን እንዳልነበረበት ተናገረች።

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ሰርካለም።

«እኔ አልጨረስኩም» አለች ሳሌሃ።

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዘረረው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እንደዚያ አላለኝም። ገላገሉን ነው ያለኝ። ለጉራ ብዬ ነው የጨመርኩት። አጎቴ ሽማግሌ የላከው በእኔ ወሬ ነው። ሲልክም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ማይ ካላችሁኝ ደግሜ እምላለሁ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። እሷን መጠየቅ ተፈቅዶለታል፤ ደስ እንዳለው ፊቱ ይናገራል። «ስለዚህ ውሸታም ነሽ?»

«ያን ቀን ነበርኩ።»

«ዛሬስ ለወንድምሽ ብለሽ እየዋሸሽ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?»

«ጌታዬ፣ ለእሱ ብዬ ብዋሽ ከተማውን ሙሉ የሚያስቅብኝን ውሸት እመርጣለሁ? የሚያምር ውሸት አጥቼ ነው? ስለ ውሸትማ እኔን ይጠይቁኝ!»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ሙከሚልም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሳሌሃ በእጇ ዓይኗን ጠረገች፤ ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እያለቀስኩ አይደለም» አለች ዞራ። «እጄ ላይ በርበሬ አለ!»

ውሳኔው ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ። ስትወጣ ግቢው እንደ ቀድሞው አልጮኸም። «ይቺማ ምላ ነው የተናገረችው» የሚል ድምፅ ሰማች። «ምላም ቢሆን እህቱ ናት» አለ ሌላ። ሰፍያ ከድንጋዩ ተነስታ፣ ማንንም ሳታናግር፣ ቀጥ ብላ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ስትሄድ አየቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሌሃ አንገቷን አቅንታ መጋዘን ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። ሔራን ስለ ችሎቱ እያወራች ነበር፤ ሳሌሃ አላስጨረሰቻትም፤ ራሷ ጀመረች። ዐቃቤ ሕጉ እንዴት ላብ እንዳጠመቀው፣ ዳኛው እንዴት በአድናቆት ራሳቸውን እንደነቀነቁ፣ አንዱን ሦስት አድርጋ አወራች።

«ደግሞ ጀመራት» አለች አንዷ። «አሁን ይሄንን እንመን?»

ሳሌሃ ብድግ አለች። «ምን ማለትሽ ነው? ፍርድ ቤት እያንዳንዷን ቃሌን ጽፏል! ዐቃቤ ሕጉ እንኳ መልስ አጥቶ ተቀምጧል! እናንተ እነማን ሆናችሁ ነው የማታምኑኝ?»

ፈቲሀ ከክምሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ አንድ ዛላ ቀነጠሰች።

«እኛማ አንዴ አምነንሽ ነው ልጁ የታሰረው» አለቻት።